ማረሻው ሲወጣ ጎማው ይገባል፦ ስለ አገዳ ማሳ ጥልቅ እርሻ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሸንኮራ አገዳ ልማት ሥራ ላይ ባለን ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም የአገዳን ሥራ በሩቁ የሚያውቁ ሰው እንዳልሆኑ ከአንቀጾቹ ይታያል። ለዚህም ይመስለኛል ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ይህን አነበብከው?» እያሉ የላኩልኝ። አንብቤዋለሁ። ብዙው ነገሩ በቅንነት የተጻፈ ቢሆንም፣ የሚያቀርበው መፍትሔ በተግባር ላይ ቢውል ጸሐፊው ሊያድኑት የፈለጉትን አፈር ይበልጥ የሚጎዳ መስሎ ስለታየኝ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በቅድሚያ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጠው። አገዳ በየዙሩ ሲቆረጥና ከጉቶው እንደገና ሲያቆጠቁጥ፣ ማለትም ራቱን እየሆነ ሲሄድ፣ ምርቱ የሚቀንሰው አፈሩ ስለሚጠጥር ነው ይላሉ። ስለዚህ ማሳው እንደገና በሚተከልበት ጊዜ ሁሉ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተሰንጥቆና ተገልብጦ መታረስ፣ ከዚያም ጓሉ እስኪደቅ ድረስ በዲስክ (በክብ ስለታም ሳህኖች አፈር በሚቆርጥ መሣሪያ) ተደጋግሞ መለስለስ ይኖርበታል። ለዚህም አምስት ምክንያቶች ይዘረዝራሉ። የጠጠረን አፈር ከጥልቅ እርሻ በቀር የሚፈታው የለም፤ የጤፍ ገበሬ ደጋግሞ እንደሚያርስ ሁሉ አገዳም የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ በጥልቀት የታረሰ መሬት የመስኖ ውሃን የበለጠ ይቀበላል፤ የአገዳውን ገለባ ወደ ውስጥ መገልበጥ አፈሩን ያዳብራል፣ ላይ መተው ግን ተባይ ማርባትና ናይትሮጅን ማስነጠቅ ነው፤ በመጨረሻም እርሻን መቀነስ የሚባለው ነገር ለብራዚልና ለአውስትራሊያ አሸዋማና ዝናብ ጠገብ መሬት የተፈጠረ ፈሊጥ እንጂ ለእኛ ጥቁር አፈር የሚሆን አይደለም፤ አሮጌው ጉቶ በማረሻ ካልተነቀለም የበሽታ መጠለያ ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያው ነጥብ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። የአገዳ ማሳ ይጠጥራል፤ ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፣ አካፋ ይበቃል። ከዓመታት በፊት አራተኛ ራቱን ላይ በደረሰ አንድ ማሳ ውስጥ፣ በሁለት ረድፎች መካከል ጉድጓድ አስቆፍረን ነበር። የላይኛው አንድ ስንዝር የማይሞላ አፈር በእጅ ይፈርስ ነበር። ከዚያ በታች ግን ዶማው እየነጠረ ይመለስ ጀመር፤ ወደ ታች ይወርዱ የነበሩት ሥሮችም እዚያ ንብርብር ላይ ሲደርሱ እንደ ክርን ታጥፈው ወደ ጎን ሄደው አገኘናቸው። ከዚያ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቅ ብለን በራሱ በረድፉ ሥር ስንቆፍር ግን ያ ጠጣር ንብርብር አልነበረም፤ ሥሩም ቀጥ ብሎ ወርዷል። ሁለቱም ቦታዎች የታረሱት በአንድ ቀን፣ በአንድ ትራክተር፣ በአንድ ጥልቀት ነው። የመጠጠሩ መንስኤ የእርሻ ማነስ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል መጠጠር ነበረባቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዱ ጎማ የሚያልፍበት፣ ሌላው የማያልፍበት መሆኑ ብቻ ነበር።

ጸሐፊው የዘነጉት ይህን ይመስለኛል። አገዳ እንደ ስንዴና እንደ በቆሎ በየዓመቱ የሚታረስ ሰብል አይደለም። አንድ ጊዜ ይታረሳል፣ ይተከላል፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ይቆረጣል። በእጅ ላይ ያለ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሄክታር 100 ቶን አገዳ ቢሰጥና አንድ ተሳቢ በአንድ ጊዜ 10 ቶን ቢጭን፣ በአንድ አጨዳ ብቻ ከማሳው ተጭኖ የሚወጣ 10 ጉዞ አለ፤ አምስት ጊዜ ሲታጨድ 50 ይሆናል። ባዶውን የሚገባው ተሳቢና አገዳውን እያነሣ የሚጭነው መሣሪያ ገና አልተቆጠሩም። በአንጻሩ ማረሻው በዚህ ሁሉ ዘመን የሚገባው አንድ ጊዜ ነው። አንዴ የለቀቀውን አፈር 50 ጊዜ የሚጨፈልቅ ነገር ተከትሎት እየመጣ፣ መፍትሔው ማረሻውን ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ነው ማለት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በጥልቀት ተሰንጥቆ የላላ አፈር ክብደት የመሸከም አቅሙ ካልታረሰው ያነሰ ነው፤ ጎማው በላዩ ሲያልፍ ከበፊቱ ይበልጥ ወደ ታች ይሰምጣል። የላይኛው አፈር መጠጠር በአብዛኛው የሚወሰነው ጎማው መሬቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ባለው ግፊት ሲሆን፣ የታችኛው አፈር መጠጠር ግን የሚከተለው በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚይዘው ዘንግ) ላይ ያረፈውን ጠቅላላ ክብደት ነው። እርጥብ መሬት ላይ ከ10 ቶን በላይ የጫነ አክስል እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ሰፊ ጎማ መግጠም ወይም አየሩን መቀነስም ላይኛውን አፈር ይረዳው ይሆናል እንጂ ታችኛውን አያድነውም። በዚህ ላይ ከጠቅላላው ጉዳት አብዛኛውን የሚያደርሰው የመጀመሪያው የጎማ ማለፍ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዚያው መስመር ቢያልፉ የሚጨምሩት ጥቂት ነው፤ በየጊዜው አዲስ መስመር ከፈለጉ ግን ማሳውን በሙሉ ያዳርሱታል።

የእኛ ፋብሪካዎች በክረምት መፍጨት ማቆማቸው ከዚህ አንጻር ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሆኖም የበልግ ዝናብ በአጨዳው መካከል ይመጣል። የተቆረጠ፣ በተለይም የተቃጠለ አገዳ ደግሞ ስኳሩን በየሰዓቱ ስለሚያጣ ፋብሪካው መሬቱ እስኪደርቅ አይጠብቅም። በሥራው የቆየ ሰው ሁሉ ከዝናብ ማግሥት ወደ ማሳ የገባ መኪና የሚተወውን ጉድጓድ ያውቀዋል። ያንን ጉድጓድ በዲስክ አልብሶ ማስተካከል ይቻላል። ከሥሩ ያለውን ግን ዲስኩ አይደርስበትም።

አውስትራሊያውያን ይህን የተማሩት ከፍተኛ ዋጋ ከፍለው ነው። የምርታቸው ዕድገት ለረጅም ዘመን ቆሞባቸው ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1993 ምክንያቱን የሚያጠና የጋራ መርሐ ግብር አቋቋሙ፤ ከ10 ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ ሥራም ተጠያቂ አድርጎ ያቀረበው ሦስት ነገሮችን በአንድነት ነው። አንደኛው አገዳን ያለ ፋታ በአንድ መሬት ላይ ማፈራረቅ በሌለበት መንገድ መትከል፣ ሁለተኛው መስመር የሌለው የከባድ መሣሪያ እንቅስቃሴ፣ ሦስተኛው ከመጠን ያለፈ እርሻ። ረድፎቻቸው 1.5 ሜትር፣ የማጨጃዎቻቸው የጎማ ርቀት ግን 1.8 ሜትር አካባቢ ስለነበር ጎማው የግድ በረድፉ ጠርዝ ላይ ይወጣ ነበር። ያደረጉት ነገር ረድፉን አስፍተው ከጎማው ጋር ማስማማት ነው፤ አገዳው የሚበቅልበት ለአገዳው፣ ጎማው የሚያልፍበት ለጎማው ሆነ። በእኛ አገር የረድፉ ርቀት በተለምዶ 1.45 ሜትር ነው። ከባድ የጭነት መኪና ደግሞ ጠቅላላ ስፋቱ 2.5 ሜትር ገደማ ሲሆን የተሠራው ለመንገድ እንጂ ለዚህ ትልም አይደለም። ማሳችን ውስጥ ገብቶ ረድፍ ሳይረግጥ እንዴት እንደሚወጣ ጸሐፊው ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።

በነገራችን ላይ ያው ጥናት የጸሐፊውን ዋና መነሻም ይነካዋል። ተመራማሪዎቹ አሮጌውን የአገዳ አፈር በጋዝ አክመው በውስጡ ያሉትን ጎጂ ፈንገሶችና ኔማቶዶች (ሥር የሚያጠቁ ጥቃቅን ትሎች) ሲያጠፉ ምርቱ በጉልህ ጨምሯል። የአፈሩ ጥንካሬ ግን በጋዝ አልተለወጠም። መሬቱን ለጊዜው ከአገዳ አሳርፎ አኩሪ አተርን ወይም ለውዝን መዝራትም ተመሳሳይ አቅጣጫ አሳይቷል። ስለዚህ የምርት መቀነሱን ሁሉ በመጠጠር ላይ ማላከክ ራሱ ትክክል አይደለም፤ በአንድ መሬት ላይ ለአሥርታት አንድ ሰብል ብቻ ሲበላ የኖረው የአፈር ውስጥ ሕይወትም የራሱ ድርሻ አለው። የወንጂ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ70 ዓመት በላይ አገዳ በአገዳ ላይ የተተከለበት መሬት የሚጠይቀው ፋታ በማረሻ አይተካም።

አፈርን በጥልቀት ለሚሰነጥቀው መሣሪያ፣ ለሰብሶይለር፣ ጠላት እንዳልመስል አንድ ነገር ልጨምር። ጉድጓድ ተቆፍሮ ጠጣሩ ንብርብር መኖሩ ከታየ፣ አፈሩ እስከ መሣሪያው ጫፍ ድረስ ደረቅ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላም ጎማው የራሱ መስመር ከተሰጠው፣ አንድ ጊዜ መሰንጠቅ ተገቢ ነው፤ እኔም አሰነጥቃለሁ። ሸክላ አፈር እርጥብ ሳለ ሲሰነጠቅ ግን አይፈረካከስም፤ ቢላ እንደገባበት ቅቤ ተቆርጦ ግድግዳው እየተለሰነ ይቀራል። ማሳው ይደርሳል ተብሎ በቀን መቁጠሪያ የሚታዘዝ ጥልቅ እርሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ የጤፍ ገበሬው ምሳሌ፣ ልብ የሚነካ ስለሆነ ብዙ አንባቢ እንደወደደው አልጠራጠርም። ማንኛችንም ብንሆን አያቶቻችን መሬት ገምሰው፣ ደግመው፣ ሰልሰው እንደሚዘሩ እያየን ነው ያደግነው፤ ደጋግሞ ያላረሰ ሰው ሰነፍ ሲባልም ሰምተናል። ነገር ግን ገበሬው ለምን እንደሚደጋግም መጠየቅ ተገቢ ነው። የጤፍ ፍሬ 1000 ተቆጥሮ አንድ ግራም አይሞላም። ያችን ዘር ጓል መካከል የጣለ ሰው አይበቅልለትም፤ በቅላ ብትወጣም አረሙ ይቀድማታል። አገዳ የሚተከለው በፍሬ ሳይሆን ከአንድ ስንዝር በላይ በሚረዝም፣ ሁለትና ሦስት አይን ባለው የአገዳ ቁራጭ ነው፤ ቡቃያው ሥር እስኪያወጣ የሚበላውን ምግብና የሚጠጣውን ውሃ በሆዱ ተሸክሞ ይመጣል። የሚፈልገው ቁራጩን አቅፎ የሚይዝ የፈረሰ አፈር በትልሙ ውስጥ እንዲኖር ነው። በትልሞቹ መካከል ያለው መሬት ዱቄት መሆኑ ለቡቃያው ምንም አይጨምርለትም።

ዱቄትነቱ ያለ ዋጋ ቢሆን ባልተከራከርኩ ነበር። አንድ ሄክታር እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሲታረስ የሚንቀሳቀሰው አፈር 6,000 ሜትር ኩብ ነው፤ አንዱን ሜትር ኩብ 1.2 ቶን ብንለው 7,200 ቶን ይሆናል። በ1.45 ሜትር ርቀት ላይ የሚገኙትን ረድፎች ብቻ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ወርድና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሰጥተን ብናርስ ደግሞ ከ1,250 ቶን አይበልጥም፤ ማለትም አንድ ስድስተኛው ነው። የናፍጣውን ሒሳብ ለፋይናንስ ክፍል ትቼ ወደ አፈሩ ልመለስ። የአፈር ቅንጣቶችን ጠቅልሎ ጓል የሚያደርጋቸው የሥር ጸጉር፣ የፈንገስ ክርና የበሰበሰ ነገር ሙጫ ነው፤ ዲስኩ በተመላለሰ ቁጥር ይህ ሁሉ ይበጣጠሳል። የደቀቀው አፈር የመጀመሪያው መስኖ ሲለቀቅበት ይቀልጥና ሲደርቅ እንደ ምጣድ ይጋገራል። ጸሐፊው የለሰለሰ አፈር ያሉት ነገር ዕድሜው ስንት ቀን እንደሆነ ከመጀመሪያው ውሃ በኋላ ሄዶ ማየት ነው።

በውሃ ጉዳይ ላይ ያሉት ከፊሉ እውነት ነው። አዲስ የታረሰ መሬት ውሃ ቶሎ ይጠጣል። ይሁንና ይህ የሚሆነው ከላይ የተከፈቱት ሰፋፊ ክፍተቶች እስኪዘጉ ድረስ ነው፤ የተከታዩ ዓመት ራቱን ይህን ጥቅም አያገኘውም። ጥቁሩ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው አፈር ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል፣ ሲረጥብ ያብጥና ይገጥማል። ከላይ ያለው ፍርካሽ ወደ ንቃቃቱ እየወደቀ፣ የታችኛው እያበጠ ሲገፋው፣ አፈሩ በዘመናት ውስጥ ራሱን በራሱ ይገለብጣል፤ የአፈር ተመራማሪዎች ቬርቲሶል ብለው የሰየሙትም መገልበጥ ከሚለው የላቲን ቃል ተነሥተው ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የመስኖ ውሃ በመጀመሪያ የሚገባው በንቃቃቱ ነው። ንቃቃቱ ከገጠመ በኋላ ያለው ፍጥነት በሰዓት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ይህንንም የሚወስነው የሸክላው ዓይነት እንጂ ማረሻው የደረሰበት ጥልቀት አይደለም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ሌላ ጥያቄ አለ፤ የገባው ውሃ የት ይሄዳል? በወንጂ የከርሰ ምድር ውሃ ለሥሩ ቅርብ ነው። በመተሐራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ ጨዋማ ውሃውም ወደ አገዳው መሬት ተጠግቷል። ጨውን ለማጠብ አፈሩን መሰንጠቅ ይረዳል፤ የሚረዳው ግን ያጠበው ውሃ የሚወጣበት ማፋሰሻ ሲኖር ነው። ማፋሰሻ በሌለበት ጥልቅ እርሻ የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ከማድረግ ያለፈ ሥራ አይሠራም። ሶዲየም የበዛበትን የታችኛውን አፈር ገልብጦ ወደ ላይ ማውጣትማ ይብሳል፤ ቡቃያው የሚቆምበትን ንብርብር ራሱን የሚጋገርና ውሃ የማያሳልፍ ያደርገዋል። በእነዚህ ቦታዎች ገንዘብ ቢገኝ በመጀመሪያ የሚገባው ቦይ ጠረጋ ላይ ነው። ጸሐፊው ለሰብሶይለር የጠየቁትን በጀት ለማፋሰሻ ቢጠይቁልን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

አራተኛው ነጥብ የገለባው ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሚቃወሟቸው ሰዎች የተሻለ የሚሉት ነገር ስላለ በጥንቃቄ ልሂድ። ገለባው ወደ ውስጥ ሲገለበጥ አፈሩን ያዳብራል ይላሉ። ችግሩ በአብዛኛው ማሳዎቻችን አገዳው ከመቆረጡ በፊት ስለሚቃጠል የሚገለበጥ ብዙ ገለባ የለም። ቢኖር እንኳ የሚገለበጠው ከብዙ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ማሳው እንደገና በሚተከልበት ወቅት ነው፤ በዚያን ጊዜ አየር ያገኙት ደቂቅ ተሕዋስያን የተቀበረውንም ቀድሞ የነበረውንም ባንድ ላይ ይበሉታል። ሳይቃጠል የታጨደ አገዳ ግን በየአጨዳው በሄክታር ከ10 እስከ 20 ቶን የሚደርስ ደረቅ ገለባ መሬት ላይ ይተዋል። በደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን አጠገብ በማውንት ኤጅኮምብ እ.ኤ.አ. በ1939 የተጀመረና በአገዳ ላይ ከሚካሄዱት ሁሉ ዕድሜ ጠገብ የሆነ ሙከራ አለ፤ በአንዱ መደብ አገዳው እየተቃጠለ፣ በሌላው ገለባው ላይ እየተተወ ከአሥርታት በኋላ ሲመዘን፣ ገለባው የተተወበት አፈር በላይኛው ክፍሉ የበለጠ ካርቦን ይዞ፣ ጓሉም ውሃ ሲነካው የማይፈርስ ሆኖ ተገኝቷል። አፈሩ አሸዋ አይደለም፤ ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር ነው።

አሁን ደግሞ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ይህ ጭማሪ የሚታየው ከላይ ባለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንጂ ሥር በሚወርድበት ጥልቀት ሁሉ አይደለም። አገዳ በየዓመቱ የማይታረስ በመሆኑም እርሻን መቀነስ በካርቦን ላይ የሚያመጣው ለውጥ በስንዴ ማሳ ላይ ከሚያመጣው ያነሰ ነው፤ የእርሻ ቅነሳ ደጋፊዎች ይህን ሲያጋንኑ ሰምቻለሁ። ናይትሮጅን ይነጠቃል ያሉትም ትክክል ነው፤ ካርቦኑ የበዛ ገለባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማዳበሪያውን ከአገዳው ይሻማል፤ ዩሪያው በገለባው ላይ ከተበተነም ከፊሉ ወደ አየር ይተናል። ውሃ በሚቋጥር መሬት ላይ ደግሞ ገለባ የለበሰ ራቱን ቶሎ አያቆጠቁጥም። ከሁሉም በላይ በትልም መስኖ ውስጥ ገለባ ውሃውን ይገድባል። ይህ የእኛ ሰበብ ብቻ አይደለም፤ አውስትራሊያ ውስጥ እንኳ በትልም የሚያጠጣው የበርደኪን አካባቢ ሌላው አካባቢ ማቃጠል ሲተው እርሱ በአብዛኛው ማቃጠሉን የቀጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ነገ ተነሥተን በወንጂና በመተሐራ ማቃጠል ይቁም ብል አላዋቂነት ይሆንብኛል። በፊንጫ በረጭ መስኖ ለሚጠጣው ማሳ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። በትልም በሚጠጣውም ቢሆን ከአጨዳ የተረፈውን ጫፍና ቅጠል በአንድ ትልም ሰብስቦ ውሃውን በሚቀጥለው መልቀቅ ይቻላል፤ የአገዳው ጭማቂ ሲጣራ ከፋብሪካው የሚወጣውን ዝቃጭ፣ ፊልተር ኬክንም፣ በትልሙ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን ማቃጠልና አለማቃጠል የጎማን መስመር ከመለየት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ አንዱን ማድረግ ስላልተቻለ ሌላው የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

የቀረው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። እርሻን መቀነስ ለአሸዋማ መሬት የተፈጠረ ነው ላሉት፣ ከላይ የጠቀስኩት የደቡብ አፍሪካ አፈር መልስ ይሰጣል፤ የሳኦ ፓውሎ ግዛት አገዳም ብዙው የሚገኘው ሸክላ በበዛበት ቀይ አፈር ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁለቱም በአብዛኛው በዝናብ የሚለሙ ስለሆኑ እንዳለ ገልብጠን አንቀዳቸውም። ስለ አሮጌው ጉቶ ያሉት ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ የራቱን መቀንጨር የሚባለው በሽታ በአዲሱ ተክል መካከል ከበቀለ አሮጌ ጉቶ በማጨጃ ቢላ አማካይነት ወደ ጤነኛው ይሻገራል፤ ስመት የተባለው የፈንገስ በሽታም በተረፈው ጉቶ ላይ ይቆያል። ጉቶው መሞት አለበት። ለመሞት ግን 60 ሴንቲ ሜትር መቀበር አያስፈልገውም። አይኖቹ ያሉት ላይ ነው፤ በደረቅ ወቅት ከመሬት በታች በጥቂቱ ተቆርጦ ፀሐይ ላይ የተገለበጠ ጉቶ ይደርቃል። ደቡብ አፍሪካውያንም ተዳፋት መሬታቸውን ከመሸርሸር ለማዳን እያቆጠቆጠ ያለውን አሮጌ አገዳ ግላይፎሴት በተባለ አረም ገዳይ አድርቀው፣ በረድፎቹ መካከል አዲሱን መትከል ከጀመሩ አሥርታት አልፈዋል። በአንጻሩ በዲስክ የተቆራረጠ ጉቶ እርጥበት ካገኘ ቁርጥራጩ ሁሉ እየበቀለ ማሳውን ሲሞላው ያላየ የአገዳ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የምለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ረድፉ ይታረስ፣ የጎማው መንገድ ሳይታረስ ጠንክሮ ይቆይ፣ በሚቀጥለውም ተከላ ረድፉ እዚያው ቦታ ይመለስ። የተሳቢዎቹ የጎማ ርቀት ከረድፉ ጋር እንዲስማማ አክስል ማስረዘም ወይም ረድፉን ማስፋት የሚጠይቀው ወጪ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አገዳው በእጅ የሚቆረጥ መሆኑ ግን ይረዳናል፤ ቆራጩ አገዳውን የት እንደሚከምር ከተወሰነ የመጫኛውና የመኪናው መንገድም አብሮ ይወሰናል።

ጸሐፊውን በዚህ ሁሉ ካላሳመንኳቸው አንድ ቀላል ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ጽሑፋቸው ላይ በጥልቅ እርሻ ተሻሽሏል ብለው የጠቀሱት ማሳ ሁለተኛ ራቱን ላይ ሲደርስ፣ አንድ ጉድጓድ በረድፉ ሥር፣ አንድ ጉድጓድ በጎማው መንገድ ላይ፣ እያንዳንዳቸው ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ያስቆፍሩ። ሥሮቹን በየስንዝሩ ይቁጠሯቸው። ቁጥሩ በሁለቱም ጉድጓዶች ከተቀራረበ የመጀመሪያውን ነጥቤን ተሳስቼ ነበር ብዬ በጽሑፍ እስባለሁ፤ ካልተቀራረበ ግን የሚቀጥለውን ጽሑፋቸውን ስለ ተሳቢ ጎማ እንዲያደርጉልን እጠይቃለሁ።